ቆሞ የሄደ ሰው

ገና ከሌሊቱ አስር ሰዓት ነው፣ መስኮቱ ግን ነጥቷል። እዚህ አገር በሰኔ ሌሊት የሚባል ነገር የለም፤ ፀሐይዋም እንደ ሰዎቹ ናት፣ ሂጂ ሲሏት ትቆያለች፣ ነይ ሲሏት ኅዳርን ሙሉ ትጠፋለች። ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ተኛሁ፣ ዞርኩ፣ ተመለስኩ፤ ሰባት ጊዜ። ከአልጋዬ እስከ ማቀዝቀዣው አስራ አንድ እርምጃ ነው። በማቀዝቀዣው በር ላይ የለጠፍኩት ካርድ ከዚህ ሆኜ አይነበብልኝም፣ ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ልጄ የኔአለም እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ታገባለች፣ ያውም በሐዋርያት ጾም፤ ካርዱም እንዲህ ይላል፦ "ድንገት ጊዜ ካገኙ ቢመጡ ደስ ይለናል። ካልተመቸዎት ግን ፈጽሞ አይጨነቁ።" አባትን ለልጁ ሠርግ እንዲህ ብሎ የሚጠራ ሕዝብ በምድር ላይ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እኔ አስራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው የኖርኩት ነው። የጻፈው የሙሽራው አባት ጄፍሪ ነው። በገዛ እጁ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ሁለት መስመር። ሁለተኛው መስመር የመጀመሪያውን ለማፍረስ የተጻፈ ነው። ሚስቱ ካሮል አሜሪካዊት ናት፣ እሷ በስልክ መልእክት ነው የጠራችኝ፣ አስራ አንድ ጊዜ፣ በየመልእክቱ ቀይ ልብ ደርድራ፤ "ያላንተ ሠርጉ ሠርግ አይሆንም" ትላለች። መልካም። ይህችው ሴት ግን ጥር ላይ አገሬ ጎጃም አብረን ሄደን፣ ቁይ ገበያ ውስጥ ስለ አንዲት ፍየል "ሞትኩላት" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለ ነጠላዬ ጥለት ብላለች፣ ስለ ዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ ብላለች፣ ስለ ልጄም ብላለች፤ በአንድ ቀን ዘጠኝ ጊዜ፣ በአንዱ ቃል። እኔ በስፍር ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ቁይ ገበያ ጤፍ መስፈር የጀመርኩት በአስራ አራት ዓመቴ ነው። አሜሪካኖች ያላቸው ቁና አንድ ነው፣ ጤፉንም ገለባውንም አናቱን እየከመሩ በሱ ይሰፍራሉ። እንግሊዞች ደግሞ ጎተራቸው ሙሉ ሆኖ የቁናውን አፍ በዱላ ይጠርጋሉ፣ የተጠረገውን መልሰው ወደ ጎተራ ይከታሉ፣ ከዚያም "ይቅርታ፣ ያለችን ይህቺው ናት" ይላሉ። በቁይ ገበያ ሕግ ሁለቱም ሚዛን አጥፊዎች ናቸው።

ሰባት ዓመት አሜሪካ ኖሬያለሁ፣ ኮሎምበስ በሚባል ከተማ። መጋዘን ውስጥ ዕቃ እጭናለሁ። አለቃዬ ጥርሰ ነጭ ሰውዬ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ትከሻዬን መትቶ "ድንቅ ነህ ወዳጄ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር" ይለኛል። ለእህቴ ለሽታዬ ቁይ ድረስ ደውዬ ነጩ ሰውዬ ወደደኝ እላታለሁ፣ እሷም ደብሯ ሄዳ ሻማ ታበራልኛለች። መቶ ሃያ ቀን ሙሉ ድንቅ ነበርኩ። በመቶ ሃያ አንደኛው ቀን፣ ያው ፈገግታ፣ ያው እጅ ትከሻዬ ላይ፣ ሥራህ ዛሬ አበቃ አለኝና "መልካም ዕድል ወዳጄ፣ እንዳትጠፋ" ብሎ ሸኘኝ። እንዳትጠፋ። የስልክ ቁጥሩን እንኳ አልሰጠኝም። የኛ አገር ሰው ሊያባርርህ ሲያስብ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ፊቱን ያጠቁራል፣ ሰላምታውን ያሳጥራል፣ አንተም ገብቶህ ጓዝህን ትሸክፋለህ። እዚህ ስመጣ ደግሞ ያለቃዬን የግል ስም ለማወቅ ሁለት ወር ፈጀብኝ። አራት ዓመት ሠርቼለት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ እኔ ያደራጀሁትን መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች አየና "አይከፋም" አለ። ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ተባረርኩ ብዬ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። ሰኞ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ የመጋዘኑ ቁልፎች ተቀምጠዋል፣ ሁሉም፣ አስራ ስድስት ቁልፍ፣ ከጎናቸው ብጣሽ ወረቀት፦ "ቅር ካላለህ።" ሰው ሲሾም የሰው እግር እንደረገጠ ይቅርታ ይጠይቃል እንዴ? ከዚያ መጋዘን ተነስቼ ነው የራሴን ሱቅ የከፈትኩት፣ ውለታውን አልክድም፤ ግን አንዱ እየሳቀ ሲያባርርህ ሌላው እያፈረ ሲሾምህ፣ መሃላቸው የቆመ ሰው በምን ይመዝናል? ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ አለ፣ ዘጠኝ ዓመት። ሚስቱ መሞቷን ያወቅሁት በቆሻሻ ጣሳው ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ሞልቶ ያወጣው የነበረውን በግማሽ ማውጣት ጀመረ። ለቅሶ ልደርስ ብሄድ በሩ ላይ ቆሞ ስላስቸገረኝ ይቅርታ ጠየቀኝ። ኮሎምበስ ደግሞ አውቶቡስ ስጠብቅ አንዲት ሴት ስለ ፍችዋና ስለ ሐሞቷ ጠጠር አንድ በአንድ ነግራኛለች፣ ስሜን ሳትጠይቅ። በአንድ ቋንቋ ይናገራሉ ይባላል። ይበሉ።

ወለላ የሞተችው እኔ ኮሎምበስ ሦስተኛ ዓመቴን ስይዝ ነው፣ ደብረ ማርቆስ፣ የኔአለም አምስት ዓመቷ ነበር። በስልክ ነው የሰማሁት፣ በስልክ ነው ያለቀስኩት፣ ወረቀቴ ስላላለቀ አልቀበርኳትም። ከመሞቷ ሁለት ሳምንት በፊት በዚያው ስልክ ድምጿ እየራቀ "ልጄ ተጠይቃ ትሂድ፤ እንደኔ ተጠይቃ፤ ማንም እንደ ገበያ ዕቃ አንስቶ አይውሰዳት" ብላኛለች፣ እኔም እሺ ብያለሁ። በሕይወቴ ለወለላ የገባሁት ቃል ብዙ ነው፣ ከጎንሽ አልለይም ያልኩት አለበት፤ ያልተሰበረ ይህ አንዱ ነው የቀረኝ። ወለላ እንዴት እንደተጠየቀች ደግሞ እኔ ነኝ የማውቀው። አባቴ ከሁለት ሽማግሎች ጋር ከቁይ እስከ ወለላ አገር እስከ መርጡለ ማርያም አራት ጊዜ ተመላልሷል። የመጀመሪያው ቀን በር ላይ ቆመው ስለ ዝናብ አውርተው ተመለሱ። ሁለተኛው ቀን ልጅቷ ገና ናት ተባሉ። ሦስተኛው ቀን ዘራችሁን አናውቅም። በአራተኛው የወለላ አባት "ተቀመጡ" አሉ። ተቀመጡ ከተባለ አለቀ፣ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው፤ ሽማግሌ ተቀመጡ የሚባለው ልጅቱ ስትሰጥ ነው። አባቴ ማታ ሲመለስ ከበቅሎው ሳይወርድ "ተቀምጠናል" አለኝ።

ስለዚህ ኋላ ወደ ሊድስ አምጥቼ ያሳደግኳት የኔአለም አምና ኦወን የሚባል ልጅ ይዛ ስትመጣ አገሬ ሄደው ይጠይቁ አልኩ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ሆስፒታል ራጅ ያነሳል፤ ግማሹ እናቱ ግማሹ አባቱ ስለሆነ ሲያመሰግንህ ጀምሮ መሃል ላይ ያፍራል። ካሮል ሐሳቡን ስትሰማ እልል ማለት ነው የቀራት። ጄፍሪ "የሚገርም ሐሳብ ነው" አለ፤ በእንግሊዝኛው ይህ እብድ ነህ ማለት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን መጣ። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ፊቱ እንደ ሰም ሆኗል። ካሮል ዞራ "ደህና ነህ የኔ ማር?" ትለዋለች፣ እሱ "ደህና ነኝ" ይላል፣ እሷም ቃሉን አምና ወደ መስኮቷ ትመለሳለች። ሠላሳ ሁለት ዓመት የተጋቡ ናቸው። መኪናውን ያስቆምኩት እኔ ነኝ፣ ወርዶ ያስመለሰው እሱ ነው፣ ምን ሆነ ብላ የደነገጠችው እሷ ናት። ደብረ ማርቆስ ሆቴል ስናድር ጠዋት አንደኛ ፎቅ እንገናኝ ተባባሉ። አሜሪካኖች ምድር ቤቱን አንደኛ ብለው ነው መቁጠር የሚጀምሩት፣ እንግሊዞች ከሱ በላይ ያለውን። ካሮል ታች ወንበር ላይ፣ ጄፍሪ ከላይ ደረጃው አፍ ላይ፣ አርባ ደቂቃ ተጠባበቁ። እኔ መሃል ደረጃው ላይ ቆሜ ሁለቱንም አያለሁ። አልነገርኳቸውም። ሲገናኙ ማን ማንን እንደሚወቅስ ለማየት ነበር፤ እሷ "አስጨነቅኸኝ እኮ" ብላ አቀፈችው፣ እሱ ይቅርታ ጠየቀ። ስለ ፎቁ ማንም ምንም አላለም። ዛሬም አንደኛ ፎቅ የት እንደሆነ አይስማሙም።

ቁይ፣ ሽታዬ ቤት ስንደርስ አለቃ ገብረ ኪዳን ቀድመው ተቀምጠዋል። ከዲማ ድረስ ያመጣኋቸው ናቸው፣ የወለላ አጎት፣ ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ምላሳቸው አልደከመም። ሙሽራይቱ እንደ ወጉ ጓዳ ናት። እንግዶቹን በር ላይ እንዲቆሙ ነግሬያቸዋለሁ። ካሮል ገባች፣ ሽታዬን አቀፈች፣ አለቃን ልታቅፍ ስትል መቋሚያቸውን መሃል አስገቡ፣ ዞራ መደቡ ላይ ዘፍ አለች።

"ይቺ ምን ሆና ነው?" አሉ አለቃ።

"ወዳ ነው አለቃ።"

"ማንን?"

"ሁሉንም።"

"በሩ ላይ የቀረውስ?"

"እሱ ተቀመጥ እስኪሉት ነው።"

"ይሄስ ወግ አለው" አሉ። ወግ አይደለም አለቃ፣ ፍርሃት ነው፤ እነዚህ ሰዎች በገዛ ቤታቸውም የሚቀመጡት ይቅርታ ጠይቀው ነው አልኩ በልቤ። ካሮል ተናገረች፣ ስድስት ደቂቃ፤ ልጃችሁ ሕይወታችንን ቀይራለች፣ እንደሷ ያለ ሰው አይተን አናውቅም፣ ቤታችን ቤቷ ነው። ተረጎምኩ፣ አለቃ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ ጄፍሪ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጣራውን እያየ፣ ልጅቷን በመጠኑ ወደናታል አለ። እሱንም እንዳለው ተረጎምኩ።

"በመጠኑ?" አለች ሽታዬ። "ወጥ ውስጥ የምትጨመር ጨው ናት እንዴ?"

አለቃ ሳቁ። ያን ጊዜ "አይከፋም" ያለኝ ሰውዬና አስራ ስድስቱ ቁልፍ ትዝ አሉኝ፤ የዚህ ሰው በመጠኑ ስንት ቁና እንደሆነ ከዚያ ቤት ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ይህን አልተረጎምኩም። አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የሚባለውን አሉ፦ "ልጅቱ ገና ናት። ዘመድ አልተሰበሰበም። የናንተንም ዘር አናውቅም። በሉ በመጣችሁበት ሂዱ።" ይህን ጎጃም ውስጥ የሰማ ሰው በሁለት ሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ጨምሮ ይመለሳል። እኔ ቃሉን በቃሉ ተረጎምኩ፤ ሂዱ ተብላችኋል። ተመለሱ ማለት ነው የሚለውን አልጨመርኩም። ማንም ለአባቴ አልተረጎመለትማ። የፈለገ ይመለሳል አልኩ፣ የሚመለሰውን እቆጥራለሁ። ካሮል ግቢው ውስጥ ከአጥሩ ተደግፋ አለቀሰች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ውሳኔያችንን እንደምታከብር ነገረችኝ፤ ሰው አንድ ጊዜ እምቢ ሲል የምታምን ሴት ናት። ጄፍሪ "ገባኝ። ስለተቀበላችሁን በጣም እናመሰግናለን" አለና ኮፍያውን አደረገ። አርባ ደቂቃ ሙሉ እንደቆመ ወጣ። በመኪና ስንመለስ የኔአለም ከኋላ ሆና በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ "አባዬ፣ እንዲመለሱ ነግረሃቸዋል?" አለችኝ።

"የፈለገ ይመለሳል።"

"እነሱ አያውቁማ።"

"እኔንስ ማን ነገረኝ?"

"አንተን የሚነግርህ አገር ሙሉ ሰው ነበረህ" አለች። ከዚያ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ዛሬ፣ ድምጿን አልሰማሁም። ጥር ሃያ ሰባት ነበር። ዛሬ መቶ አርባ ቀን። ዘጠኝ መልእክት ልካለች፣ ዘጠኙም ደህና ነኝ የሚሉ፤ የእንግሊዝ ልጅ ሆናለች፣ ደህና ነኝ ብላ እያስመለሳት እንደሆነ በምን አውቃለሁ።

ሠርጉ ተቆረጠ፣ ካርዱ መጣ፣ ሳትጠየቅ ልትሄድ ነው። ከነሱ ወገን የተመለሰ የለም። አንዱ የሚመላለሰው ሰውዬ ጄፍሪ ነው፣ እሱም ለማርማላታ። የሚኖረው ከዚህ ሃምሳ ማይል ርቆ ነው፤ በሬን ያንኳኳና "በዚህ በኩል ሳልፍ" ይላል። በኔ በኩል የሚታለፍበት ነገር የለም፣ መንገዱ እኔ ቤት አጥር ላይ ነው የሚያልቀው፤ መዋሸት እንኳ አይችሉበትም። ራሱ ያበሰለውን የብርቱካን ማርማላታ በጠርሙስ ያቀብለኛል፣ ስለ ዝናብ ያወራል፣ ጉልበቴን ይጠይቃል፣ ጫማውን ያያል። ግባ እለዋለሁ። "አይ፣ አልቆይም" ይላል። እኔም አልደግመውም። አገሩን ለምጃለሁ፣ እዚህ እምቢ ያለን ሰው መለመን ነውር ነው። ቁይ ቢሆን ሦስት ጊዜ ግባ ያልተባለ እንግዳ አልተጠራም፣ በመጀመሪያው የገባ ደግሞ ርሃብተኛ ነው፤ ግን ለሱ ሦስቴ አፌን ላድክም? አንድ ጊዜ የመጣው በእኛ ፋሲካ ማግስት ነው፣ የነሱ ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። አጋጣሚ። አስር ደቂቃ ቆሞ ይሄዳል። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሳይነሳ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቀመጣል፣ በመጋረጃው አየዋለሁ። ምን ያስባል እላለሁ። ምንም አያስብም እላለሁ።

ስልኩ ጮኸ። ሽታዬ ናት፣ እዚያ ነግቷል።

"አልተኛህም አይደል?"

"ተኝቻለሁ፣ እታለም።"

"በአንድ ጩኸት ያነሳ ሰው ተኝቷል? ትሄዳለህ?"

"ማን ጠራኝ?"

"ካርድ መጣ አላልክም?"

"እሱ ጥሪ አይደለም። እንዳትመጣ ማለት ነው በነሱ።"

"በነሱ፣ በነሱ። ስንት ዓመትህ ነው አንተ በነሱ ስትል? ልጅቱ ማንን ይዛ ነው የምትቆመው?"

"ሳትጠየቅ ነው የሚወስዷት። ለወለላ ምን ልበል? አንድም ሰው አልተመለሰም።"

"አንድም?"

"አንድም። አባትየው ለማርማላታ ይመጣል እንጂ።"

ከኋላዋ ዶሮ ይጮሃል። "ለምን?"

"ማርማላታ ሊያቀብለኝ። የሚቀባ ነገር ነው፣ ዳቦ ላይ።"

"ስንት ጊዜ መጣ?"

"ሦስት።"

"ቤት ገብቶ?"

"በር ላይ።"

"ቆሞ?"

"ቆሞ።"

"ምን ያወራል?"

"ምን ያወራል፣ ስለ ዝናብ ነዋ።"

"አበረ።" ስሜን እንዲህ ስትጠራኝ ገና አስር ዓመቴ እንደሆነ ይሰማኛል። "አባባ ወለላን ሊጠይቅልህ መርጡለ ማርያም ሲሄድ የመጀመሪያ ቀን ስለምን ነበር ያወራው?"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

"ሰማኸኝ?"

"ነገሩን አላነሳማ እታለም። አንድም ቀን ስሟን አላነሳም።"

"አባባስ አንስቶ ነበር? ሽማግሌ በበቅሎ ብቻ የሚመጣ መሰለህ? በል ቁጠር እንግዲህ፣ መቁጠር የምትወድ" አለችና ዘጋችው።

ተነሳሁ። አስራ አንድ እርምጃ። ከማቀዝቀዣው በላይ ያለውን ቁም ሣጥን ከፈትኩ፣ ጠርሙሶቹ ከኋላ ናቸው፣ አንዱንም አልከፈትኩም። በየክዳኑ ላይ በዚያው በሰማያዊ ቀለም ወሩ ተጽፏል፤ ማርች፣ ኤፕሪል፣ ሜይ። ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ሃምሳ ማይል መምጫ፣ ሃምሳ መመለሻ፣ ሦስት ጊዜ። አባቴ መርጡለ ማርያም የተመላለሰው አራት ነው። የማውቀውን ሁሉ ስቆጥር፣ ይቅርታውን፣ የልቡን ሥዕል፣ የፍየሏን ፍቅር፣ በሬ ላይ የቆመውን ሰውዬ ማርማላታ ብዬ አለፍኩት። ከኋላው ማን እንዳለ ደግሞ አሁን ነው የገባኝ። ይሄን ሰውዬ ማን ቁም አለው፣ ማን በፋሲካ ማግስት ሂድ አለው፣ ማን አትቀመጥ አለው? ጓዳ ሆና በመጋረጃ ስትሰማ የነበረችው ልጄ ናት። መቶ አርባ ቀን ዝም ያለችኝ እየቆጠረች ነው። የማን ልጅ ሆነችና። ካሮልስ፤ ሂዱ ስላልኳት ሄደች፣ ያልኩትን አመነች፣ ከዚያም አስራ አንድ ጊዜ ና አለችኝ፤ እኔ በምን ቀን ነው የአንድ ሰው ቃል እንዳለ ያመንኩት? ግን ይህን ማሰብ ደስ አይለኝም። በሕግ የማይመራ ሕዝብ ናቸው ማለት ይቀለኛል። ጢሜን ተላጨሁ፣ ሁለት ቦታ ቆረጠኝ። ያቺን ከሰል የመሰለች ሙሉ ልብሴን ለበስኩ፣ ወገቧ ጠቦኛል። አሁን ምን ይደረጋል? የሴቷ አባት ወደ ወንዱ ቤት በእግሩ አይሄድም፣ ያ ከመለመንም ይብሳል፣ እንዲህ ያደረገ ሰው ቁይ ውስጥ ተሰምቶ አይታወቅም። ተቀመጥኩ። ቤቴ ውስጥ ሦስት ወንበር አለ። በአንዱ ተቀምጬ ሁለቱን ሳይ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ።

ተንኳኳ።

ጄፍሪ ነው። ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ደረቱ ላይ ነጭ አበባ ሰክቷል፣ አበባው ተጣሟል። በእጁ ጠርሙስ ይዟል፣ ክዳኑ ላይ ጁን ይላል። መኪናው አጥሬ ሥር ቆሟል፣ ካሮል ውስጡ ሆና በመስተዋቱ በኩል ሁለት እጇን ታወዛውዝልኛለች።

"በዚህ በኩል ሳልፍ" አለ።

በልጁ ሠርግ ቀን። መንገዱ እዚህ ያልቃል። ጠርሙሱን አልተቀበልኩትም።

"ግባ" አልኩት።

"አይ፣ አልቆይም። ሥራ ይዘሃል መሰለኝ፣ ላስቸግርህ አልፈልግም።"

"ግባ።"

"እውነት ምንም አይደል፤ እንዲያው ዝናብ እንዳይመጣ ብዬ፣ ማለቴ መኪና ከፈለግህ..." ጆሮው ቀላ። ጫማውን አየ፣ ጫማዬን አየ፣ ማሰሪያውን አየ። ሁለተኛውን ብዬ ልዘጋው እችል ነበር፤ ያገሩ ሕግ ከኔ ጋር ነው። ሦስተኛውን በእንግሊዝኛ ማለት አቃተኝ። በዚያ ቋንቋ ሦስተኛ ግባ የለም።

"ይግቡ" አልኩት በአማርኛ።

ገባ። ከወንበሩ አጠገብ ሄዶ ቆመ፣ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ኮፍያውን ሽታዬ ቤት እንደያዘው። ወንበሩን ሳብኩለት።

"ይቀመጡ።"

አልተቀመጠም። ቀና ብሎ አየኝ፣ ዓይኑ ሰማያዊ መሆኑን ያየሁት ዛሬ ነው። "አሁን ይቻላል?" አለ።

"ይቻላል" አልኩት በእንግሊዝኛ፣ እንዳይሳሳት።

ተቀመጠ። የወንበሩን ክንድ በመዳፉ ዳሰስ አደረገና "አይከፋም ወንበሩ" አለ። ወደ በሩ ሄጄ ካሮልን ጠራኋት። እሷን አንዴ ነው የጠራኋት፤ ስሟን ሳልጨርስ ገብታ፣ አቅፋኝ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እኔም ተቀመጥኩ። ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ነው፣ ማዘጋጃ ቤቱ በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው፣ ይበቃል። አለቃ የሉም፣ ሽታዬ የለችም፣ ወለላ የለችም፤ መልሱን የምሰጠው እኔ ነኝ፣ ተርጓሚውም እኔው ነኝ። መጀመሪያ በአማርኛ አልኩት፣ ለወለላ እንዲሰማ፦ "ልጃችንን ሰጥተናችኋል።" ከዚያ ተረጎምኩት፣ ያልተባለውንም ጨምሬ፤ ያን ቀን ሂዱ ሲባል ተመለሱ ማለት እንደነበር፣ ይህን አለመንገሬ የኔ ጥፋት እንደሆነ፣ እሱ ቆሞ ሲሄድ ሦስቴ እንዳየሁትና እንዳልቆጠርኩት።

ካሮል አለቀሰች፣ የጠረጴዛዬን ጨርቅ አንስታ ዓይኗን ጠረገች። ጄፍሪ ጉሮሮውን ጠረገ። ጠርሙሱን ከሦስቱ ጎን አስተካክሎ አስቀመጠው፣ ክዳኑን ትንሽ አዞረው፣ ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

"ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም" አለ።

ሰማዩ ላይ አንድም ደመና አልነበረም።